የሚያፏጨው ቮልስ

ስለ ባሏ የምታወራ ሴት ወይ ታማዋለች ወይ ትክበዋለች። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ሃያ አራት ዓመት አብሬው ስለኖርኩ መብቴ ነው። ለጊዜው ከመካቡ ልጀምር።

ባሌ ገመዳ ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አስፋልቱ ዳር፣ የመኪና ኤሌትሪሻን ነው። መብራት ይዘረጋል፣ ዲናሞ ይጠግናል፣ ስሙን ያስጠራው ግን ቴፕ ነው። ከመኢሶ እስከ ሂርና፣ በዚያም በኩል እስከ ገለምሶ፣ መኪናው ውስጥ ጥሩ ድምፅ የፈለገ ሰው «ገመዳ ጋ ውሰደው» ይባላል። ሌላው ኤሌትሪሻን እስፒከር ገጥሞ ይሰናበታል። የእኔው ሰውዬ ግን ሥራውን ሲጨርስ በሮቹን ዘግቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የቤተክርስቲያናችንን ኳየር ካሴት ይከታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ማንም ትንፍሽ አይልም። ካሴቱ ላይ እኔም አለሁ፤ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ነው የተቀዳሁት። «ያንቺን ድምፅ ከሌሎቹ ለይቼ ካልሰማሁ መኪናው አላለቀም» ይለኝ ነበር። ይህን ሲለኝ ፊቴን አዞር ነበር እንጂ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ስለ መዋሸት ደግሞ ገና እነግራችኋለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ የሂርናው አብዱልቃዲር አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ይዞ መጣ። የእህል ነጋዴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቮልሷ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ከአንድ ጡረታ ከወጡ መምህር ነው የገዛት። የድሮው ሬዲዮዋ አንዲት እስፒከር ብቻ ነበረችው፤ እሷም ጣሳ ውስጥ የገባ ሰው እንደሚያወራ ነበር የምታንቋርረው። አብዱልቃዲር ድሬዳዋ ወርዶ ቴፕ፣ አራት እስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ በጆንያ አስሮ አምጥቷል።

«ኦቦ ገመዳ፣» አለው፣ «እናቴ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። እዚያ ሆና በደንብ እንዲሰማት ነው የምፈልገው።»

«ምንድን ነው የምትሰማው?»

«ራሷን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ ሞሚና በወጣትነቷ የታወቀች መንዙማ አውጪ ነበረች። ገለምሶ ላይ በአንድ የመውሊድ ቀን ስታዜም የተቀዳ ካሴት አላት፣ ከዚያ በኋላ ሳል ድምፅዋን ዘጋው። እህቷ ገለምሶ ስለምትኖር አብዱልቃዲር በየሳምንቱ ይወስዳታል፤ በመንገድ ላይ ያንን ካሴት እንድትሰማ ፈለገ። አንድ ወንድ ልጅ ለእናቱ እንዲህ ሲያስብ ሳይ አንጀቴን በላው። ገመዳም ወደደው መሰለኝ፣ የሰው መኪና ሁሉ ትቶ ሦስት ቀን ቮልሷ ላይ ዋለ።

የሠራውን ሥራ ብታዩት! የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ባትሪዋም ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩ ሽቦ ስለሆነ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ባትሪውን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ገመዳ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ባትሪውን አለበሰው። የበሮቹ ቆርቆሮ በድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ከውስጥ የብርድ ልብስ ቁራጭ ለጠፈበት። ከኋላ መስኮቱ ሥር ጣውላ በልኩ ቆርጦ ሁለት እስፒከር አስቀመጠ፣ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የመኪናዋ ገላ ላይ አልበሳም። «የሰው ሽማግሌ አይበሳም» አለኝ፣ እየሳቀ። ሽቦዎቹን ሁሉ ከሞተሩ እስከ ቴፑ ድረስ በአንድ ላይ ጠቅልሎ፣ እንደ ሹሩባ ደርድሮ፣ በጥቁር ፕላስተር አሰራቸው። ሲያምር! ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፣ ካሴቱን ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወጣና «አልቋል» አለ።

አብዱልቃዲር መኪናዋን በወሰደ በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

«ኦቦ ገመዳ፣ ድምፁ ማር ነው፣ አላህ ይስጥዎት። ግን ነዳጅ ስረግጥ ያፏጫል።»

«ምን ይላል?»

«ያፏጫል። ስረግጠው ይወጣል፣ ስለቀው ይወርዳል።»

ገመዳ «አስነሳና ርገጥ» አለው። እኔ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታችን ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሦስት ሹፌሮችም አሉ፤ ከነሱ አንዱ ዓሊዩ የሚባለው የጫት ኢሱዙ ነጂ ነው፤ ከመኪናው አፉ ይፈጥናል። አብዱልቃዲር ረገጠ። ከእስፒከሮቹ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ወጣ፣ «ፊ...» እያለ ከሞተሩ ጋር ወደ ላይ ሄደ። እኔ ጥርሴን አሳከከኝ። ገመዳ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ጥርት ያለ ሥራ እንደሚሰማ ሰው ፊቱ በርቶ ቆሟል።

«እሺ፣ የታለ?» አለ።

ከወር በፊት ጓሮ ውስጥ ጫጩት ረግጦ «ድምፅ እኮ አላሰማችም» ብሎኝ ነበር። ጫጩቷ ግን ሰፈሩን በጩኸት ስታቀልጠው ነው የዋለችው። ያን ጊዜ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ሰድቤው አለፍኩ። አሁን ገባኝ። የባሌ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል፤ እሱ ደግሞ አላወቀም።

«መስሎህ ይሆናል፣» አለው ገመዳ። «እኔ ምንም አይሰማኝም።»

አብዱልቃዲር ግራ ገብቶት ዞር ብሎ አየኝ። «አዴ በቀለች፣ እርስዎስ?»

ሹፌሮቹ ሁሉ አዩኝ። ዓሊዩ አፉን ሊከፍት ነው። ዓሊዩ አንዴ ከተናገረ ደግሞ ጫቱ ድሬዳዋ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። የገመዳ ጆሮ ሄዷል ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣለታል? ዓይን ለሌለው ልብስ ሰፊ ማን ጨርቁን ይሰጣል? እንጀራችንም ኩራቱም ያቺው ጆሮ ናት።

«እኔም አልሰማሁም» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሚስቱ አልሰማሁም ካለች ሹፌሮቹ ምን ይበሉ፤ ዓሊዩም አፉን ዘጋ። አብዱልቃዲር ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፣ «እንግዲያው የእኔ ጆሮ ይሆናል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ሄደ። ይቅርታ ጠየቀን! እኔ የዋሸሁትን ሰውዬ ይቅርታ ያስጠየቅኩ ሴት ነኝ። እሁድ ኳየር ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም።

በሳምንቱ ገበያ ላይ ጣሂራን አገኘኋት፤ ከሂርና ሽንኩርት እያመጣች የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት፣ ከነሞሚና ጋር አጥር ይለያቸዋል። ቮልሷ እንዴት ናት አልኳት፣ እንዲያው ለወጉ።

«እሱን ተይኝ» አለች። «ሞሚና አልገባባትም ብላለች። ዚክሪ ላይ የሚያፏጭ ሸይጧን ነው ትላለች። ልጇ መኪናዋን ጭሮ ወስዶ አስመረመራት፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ምንም አልሰማም አሉ። ታዲያ ለእሷና ለልጇ ብቻ የሚያፏጭ ምን ሊሆን ነው? ሼኩ ጋ ሄዳ ውሃ ላይ ቁርአን አስቀርታ ቤቱንም ልጁንም ትረጫለች። እህቷ ታማባት ገለምሶ የሄደችው ሚኒባስ ውስጥ ተጨፍልቃ ነው። መኪናው ደጅ ቆሟል።»

ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ መጣሁ። እኛ ቤት ፉጨት ማለት የተበላሸ ሽቦ ነው፤ እነሱ ቤት ግን ጸሎት ላይ ማፏጨት ሸይጧን መጥራት ነው። እኔ በአንዲት ቃል አንዲት አሮጊት ቤቷ ውስጥ ሸይጧን ገባ ብላ እንድታምን አደረግኩ። እንዲህ ያለ ኃጢአት ኑዛዜውም ያሳፍራል።

ገመዳ ምሳ እየበላ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ገመዳ፣ ቮልሷ ታፏጫለች» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እኔ። ያን ቀንም ሰምቻለሁ።»

ጉርሻውን ወጭቱ ላይ መለሰው። የሚጮህ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እኔም ለመጮህ አላንስም። አልጮኸም። የጣሂራን ወሬ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ካሴቱ ላይስ?» አልኩት መጨረሻ ላይ። «እኔን ትሰማኛለህ?»

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ በግምት ነው» አለ። «የት ቦታ እንደምትገቢ ስለማውቅ የሰማሁሽ ይመስለኛል። ካሴቱ አርጅቶ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ እጁን ታጠበ፣ የዕቃ ቦርሳውን አነሳ።

«ለእኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው?»

«ለአንተም ለእኔም።»

«ተነሺ፣ ሂርና እንሄዳለን።»

ሚኒባስ ውስጥ እሱ ጥግ ይዞ በመስኮት ዳገቱን ያያል። እኔ በልቤ እንዳይናገር እየጸለይኩ ነበር፤ ዝም ብሎ ሽቦውን ቢያስተካክል፣ «ትንሽ ነገር ረስቼ ነበር» ቢል፣ ማን ያውቃል? ይህንን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ያን ቀን የጸለይኩት እንዲህ ነው።

የእነሞሚና ግቢ ስንደርስ ቮልሷ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ አቧራ ጠጥታ። ሞሚና ቁመቷ አጭር ነው፣ ዓይኗ ግን ሰው ይመረምራል። አብዱልቃዲር እየሮጠ ወንበር አወጣ። ጣሂራም ከገበያ ተመልሳ ኖሮ ጎረቤት ሰብስባ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች። ካሰብኩት ሁሉ የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ሰው ሞልቷል።

ገመዳ አልተቀመጠም።

«እማማ ሞሚና፣ ሸይጧን የለም» አላት። «መኪናዋ ታፏጫለች፣ እውነት ነው። የእኔ ጥፋት ነው። እኔ ያልሰማሁት ጆሮዬ ስለደከመ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ልጅዎ ትክክል ነበር።»

ድምፅ የሚሸጥ ሰው በሰው ፊት አልሰማም አለ። የእኔም አፍ ሳላዘው ተከፈተ።

«እኔ ግን ሰምቼ ነበር» አልኩ። «ዋሽቼ ነው።»

ሞሚና መጀመሪያ እኔ ላይ ነው የዞረችው። ድምፅዋ እንደ ወንፊት ሆኗል። «አንቺ ጴንጤ አይደለሽም? ጴንጤ አይዋሽም ይሉኝ ነበር፣ ወላሂ!» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት፤ አብዱልቃዲር ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ሲበርድላት ወደ ገመዳ ዞረች።

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«የኔ ድምፅ የሄደው በአርባ ነው። ቤት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰው እንዳይሰማብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ መውሊድ ሲሆን አመመኝ እላለሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንተ በሳምንት ወጣህ። ጎበዝ ነህ። በል አሁን ሥራ።»

ቢስሚላህ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ገባች። ገመዳ አብዱልቃዲርን ነዳጁ ላይ አስቀመጠው፣ ራሱ መሬት ላይ ተንበረከከ፣ የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ። እዚያ ያ ሹሩባ አለ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«አገኘሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንዲያምር ብዬ አንድ ላይ አሰርኳቸው። የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ከቴፑ ቀጭን ሽቦ ጋር አስተኛኋቸው፣ የዲናሞው ጩኸት ወደ ቴፑ ይሻገራል። ተማሪ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም። ጆሮዬ ቢሰማ ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ እፈታው ነበር።»

ፕላስተሩን በምላጭ ከፈተ። ቀጭኖቹን ነጥሎ በቀኝ በኩል ወሰዳቸው፣ ወፍራሙን በግራ ተወ። አብዱልቃዲር ረገጠ።

«ጂራ» አለች ሞሚና። አለ ማለቷ ነው።

ገመዳ ትንሽ ራቅ አደረገው።

«ጂራ። ግን ቀጠነ።»

እንደገና። «ጂራ።» እንደገና። ወደ እኔም አየ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ አለ። እሱ ምንም አይሰማውም፣ አይታያችሁም? በፊትም ፀጥታ ነው፣ አሁንም ፀጥታ ነው። አሮጊቷ አለ ስትል ያምናል፣ ያሰላስላል፣ ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ ይሄዳል። ወንበሩ ሥር ገብቶ ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚያያዘው የመሬት የሚሉት ሽቦ የታሰረበትን ብሎን ፈታ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቀው፣ መልሶ አጠበቀው። ላቡ አፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል። በሠርጋችን ቀን እንኳ ያን ያህል አላደነቅኩትም፤ በሠርጋችን ቀን እንዲያውም ክራቫቱ ጠሞ ነበር።

አብዱልቃዲር ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። ሞሚና ጣቷን አነሳች።

«በዴ!» አለች። «ጠፋ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዴ አልኩህ!»

«በቀለች?»

«ጠፍቷል» አልኩ። ዕውነቴን ነበር።

ካሴቱን ከተቱት። ከዚያች አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ድምፅ ወጣ፤ ጭብጨባው ከኋላ፣ ድቤው ከታች፣ እሷ ብቻዋን ከላይ። እኔ የምዘምረው ሌላ ነው፣ የምጠራውም ስም ሌላ ነው፤ ድምፅ ግን አውቃለሁና ፀጉሬ ቆመ። ሞሚና የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይቺ ልጅ ጎበዝ ነበረች» አለች።

ገመዳ እጁን ጣሪያው ላይ አድርጎ ቆሟል። የሞሚና ዜማ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያመልጠውን ከእኛ ፊት ላይ ነበር የሚያነበው።

ወሬው እንደፈራሁት ከእኛ ቀድሞ ጭሮ ገባ። ዓሊዩ ለመናኸሪያው ሁሉ አዳረሰው። ሁለት ሳምንት ቴፕ የሚያሠራ ሰው ጠፋ፣ የመጡት ለአምፖልና ለፊውዝ ነው። እኔ ውስጤ ነደደ፤ ዓሊዩን መንገድ ላይ ባገኘው ምን እንደምለው ጧት ጧት እለማመድ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓሊዩ ራሱ መጣ። ከወንድሙ የገዛት አሮጌ ፊያት አለችው፣ ለሚስቱ ቴፕ ሊያስገባባት ነው። ሌላ ኤሌትሪሻን ሞክሮባት እንዳበላሻት በኋላ ሰማሁ። ገመዳ ተቀበለው። ሁለት ቀን ሠራ። የጨረሰ ቀን ሱቁ ፊት ለፊት አምስት ስድስት ሹፌር ተሰብስቧል፤ ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ደግሞ ለማየት ነው፣ አውቄባቸዋለሁ። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ።

«በቀለች!» ብሎ ተጣራ፤ መንገዱ ሁሉ በሰማው ድምፅ። «በቀለች! ነይ ስሚልኝ!»

እጄ አረፋ እንደሆነ ሮጥኩ። ገመዳ ከሹፌሩ ወንበር ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለመስማት እሱ ብቻ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ዓሊዩም ያየኛል። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ነዳጁን ረገጥኩ፣ ሰማሁ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

ዓሊዩ ወደ ጓደኞቹ ዞር አለ።

«ትንሽ ያፏጫል» አልኩ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

«በየት በኩል?»

«በቀኝ፣ ከፊት።»

«እንግዲያው አላለቀም» አለና ጥፍሩን በጨርቅ ጠርጎ ካቻቪቴውን አነሳ።